ዘበኛዋ ቁልፏን ያስረከበች ሰሞን

ነገሩ የተጀመረው በአንገት ልኬት ነው። ታላቅ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሁለቱ አብረው የሚኖሩበት ቤት ሳሎኑ ግማሹ ሳሎን፣ ግማሹ የስፌት ክፍል ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እህትየው ለታናሿ ሸሚዝ ልትሰፋላት ሜትሯን አንገቷ ላይ አዞረች። ፈታችው፤ ደግማ አዞረች። ከዚያ የልኬት ደብተሯን አውጥታ የአምናውን ገጽ ገለጠች።

«አንቺ፣ አንገትሽ ሁለት ሳንቲሜትር ጨምሯል።»

«ወፍሬ ይሆናላ፣ እታለም።»

«ወገብሽ እኮ ቀንሷል። ሰው ከአንገቱ ብቻ ይወፍራል እንዴ?»

በማግስቱ እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። ሐኪሙ እብጠቱን በጣቱ ዳሰሰ፣ በመርፌ ናሙና ወሰደ፣ ከሳምንት በኋላም «በዚህ ብቻ ምንነቱን መለየት አልተቻለም፤ ወጥቶ ይመርመር» ብሎ የቀዶ ሕክምና ቀን ቆረጠላት። ቀኑን አስለወጠች። ሌላ ቀን ቆረጠላት፤ ያንንም አስለወጠች። ሁለቱንም ጊዜ ያቀረበችው ምክንያት አንድ ነበር፦ «ሶፍትዌሩን ሳንመርጥ ከሥራ መቅረት አልችልም።» ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ አያት። ብዙ ሰበብ ሰምቷል፤ እንዲህ ያለውን ግን ሰምቶ አያውቅም። ለሦስተኛ ጊዜ «ሐሙስ» ብሎ ጻፈላትና «ከዚህ በኋላ የምሰጥዎት ቀን የለኝም» አላት።

ይህች ሴት አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ «ዘበኛዋ» ይሏታል። ፊት ለፊት ደፍሮ የሚላት የለም፤ እሷ ግን ታውቃለች፣ አትናገርም እንጂ ስሙን ትወደዋለች። መሥሪያ ቤቱ የአሥራ አንድ ክሊኒኮችን የላቦራቶሪ ውጤት ተቀብሎ ወደ ሐኪሙና ወደ ታካሚው ስልክ የሚያደርስ ሲስተም አለው። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ረጅም ክፍል ነው። በመስኮቱ በኩል ኮድ ጻፊዎቹ ይቀመጣሉ፤ በግድግዳው በኩል የኦፕሬሽን ሰዎች፣ ማለትም የተጻፈው ኮድ ሰርቨር ላይ ወጥቶ ቀን ከሌት ሳይወድቅ እንዲሠራ የሚጠብቁት። ኮድ ጻፊዎቹ ዛሬ የጻፉት ዛሬውኑ ሰው እጅ ካልገባ ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል። የኦፕሬሽን ሰዎች ትናንት የሠራውን ነገር ዛሬ ማንም ባይነካባቸው ደስታቸው ነው። መካከል ላይ የውሃ ማቀዝቀዣ ቆማለች፤ ሁለቱ ወገኖች በሰላም የሚገናኙት እሷ ዘንድ ብቻ ነው።

ዘበኛዋ የኦፕሬሽን ኃላፊ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እሷ ሳትፈቅድ አንዲት መስመር ኮድ ሰርቨር ላይ አልወጣችም። የኮድ ጻፊዎቹ ኃላፊ ደግሞ «ሞተር» የሚሉት ሰውዬ ነው፤ ሲናገር ትንፋሽ አይወስድም፣ ሲሄድ ወንበር እየገፋ ነው። ሁለቱ ሲነታረኩ ይውላሉ፤ አንዱ የቀረ ቀን ግን ሌላው አይመሽለትም።

ድሮ ሥራው ሁሉ እሷ በጻፈቻቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች ይሠራ ነበር። ክሊኒኩም ሰዉም ሲበዛ አልሆነም። ኮዱን ከጻፊው እጅ ተቀብሎ የሚፈትሽ፣ ሰርቨር ላይ የሚያወጣ፣ ከወጣ በኋላም ዓይኑን ሳይነቅል የሚጠብቅ፣ ሁለቱም ወገን የሚሠራበት አንድ መሣሪያ መግዛት ግድ ሆነ። ለመጨረሻው ዙር ሁለት ቀረቡ። ሻጮቹ ያወጡላቸውን ስም የሚጠራ አልነበረም፤ አንዱ «ትልቁ»፣ ሌላው «ቁርጥራጩ» ተባለ። ትልቁ ሁሉን ነገር በአንድ ላይ የያዘ ነው፤ አንድ በር፣ አንድ ስክሪን። የሆነ ነገር ሲወድቅ ማንንም ሳይቀሰቅስ፣ ድምፁን ሳያሰማ ራሱ አንሥቶ ያቆመዋል። ቁርጥራጩ ደግሞ አምስት ትንንሽ መሣሪያዎች ተገጣጥመው ነው። ወድቆ ያገኘውን አያነሣም፤ ይጮኻል። ያየውን ሁሉ ስክሪን ላይ ይዘረግፍና ወደ ተረኛው ስልክ ይደውላል፣ ካልተነሣ ወደሚቀጥለው፣ እሱም ካላነሣ ወደሚቀጥለው። ሰው እስኪያገኝ አይተውም።

የዘበኛዋ ልብ ከትልቁ ጋር ነበር። ሐሙስ አልጋ ላይ ስትተኛ በእሷ ቦታ ድምፁን ሳያሰማ የሚሠራ ነገር ነበር የሚያስፈልጋት። ስለ ሕመሟ ግን ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ «የቤተሰብ ጉዳይ አለብኝ» ብላ ነው ፈቃድ የጠየቀችው። ሞተር በበኩሉ ቁርጥራጩን የሙጥኝ ብሏል። «ትልቁ ቤት አይደለም፣ እስር ቤት ነው» ይላል። «አንድ ብሎን ብታጠብቂ ሕንፃው ሁሉ ይነቃነቃል።»

ለፈተና ስድስት ሳምንት ተሰጠ። ስድስቱ ክሊኒኮች በትልቁ፣ አምስቱ በቁርጥራጩ ተደረጉ። ከውሃ ማቀዝቀዣዋ በላይ ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ተለጠፈ፤ «ስንት ጊዜ ወደቀ» የሚል አንድ ዓምድ፣ «በስንት ደቂቃ ተነሣ» የሚል ሌላ ዓምድ። ስድስት ሳምንቱ ሲያልቅ ትልቁ ምንም አልወደቀም፤ ቁርጥራጩ አንድ ጊዜ።

ሰኞ ስብሰባ ላይ ሞተር እንደ ልማዱ ተነሣ። «እመቤት፣ የኔ ወደቀ የተባለው እኮ መብራት ጠፍቶ ነው! መብራቱንም እኔ ልጠግን?»

«ትልቁም መብራት ጠፍቶበታል፤ ግን አልወደቀም» አለች ዘበኛዋ።

አለቃቸው ውሳኔ በመጣ ቁጥር ስልክ የሚደወልለት ሰው ነው። አሁንም ተደወለለት። በር ላይ ሆኖ «የምትሸከሚው አንቺ ስለሆንሽ አንቺው ምረጪ፤ ረቡዕ አሳውቂን» ብሏት ወጣ። እሷም ደስ አላት። ረቡዕ ትልቁን ትመርጣለች፣ ሐሙስ ትገባለች፣ አለቀ ደቀቀ።

አላለቀም። ማክሰኞ ረፋድ ላይ አዲሷ ደረጃው ላይ ጠበቀቻት። አዲሷ የምትባለው የዘበኛዋ ረዳት አራት ዓመት ሆኗታል፤ ከእሷ በኋላ ሰው ስላልተቀጠረ ስሙ አልወረደላትም። ሁለት ገጽ ወረቀት ይዛለች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት ነበር። አይቆጡኝም?»

«እንደነገሩ ነዋ።»

«የፈተናውን ሪፖርት ስጽፍ የሰርቨሮቹን መዝገብ አየሁት። ማን መቼ እንደገባ፣ ምን እንደነካ የሚጻፍበትን።» ወረቀቱን ሰጠቻት። «በየቀኑ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በእርስዎ የሰርቨር መግቢያ ቁልፍ ሰው ገብቷል። አርባ ሁለቱንም ቀን። ሃያ ዘጠኙን ቀን የሆነ ነገር ተነክቷል።»

ዘበኛዋ ወረቀቱን አየች። አዎ፣ እሷው ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲያ ነው የምታደርገው። ገና ሲነጋ ትነሣለች፣ ሻይዋን ይዛ በእህቷ የስፌት ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፗን ትከፍታለች፣ ሰርቨሮቹን አንድ በአንድ ትዞራለች። ሊሞላ የደረሰ ዲስክ ካለ ታራግፋለች። ተሰክቶ የመልእክት ወረፋውን የዘጋ ውጤት ካለ ትነቅለዋለች። ከፈተናው ወዲህ ደግሞ ትልቁ ወድቆ ሲነሣ ገሸሽ አድርጎ ያስቀመጣቸውን ውጤቶች ለቅማ መልሳ ትልካቸዋለች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ወደ ሥራ ትሄዳለች። ይህ ለእሷ ሥራ ሆኖ አያውቅም፤ ሥራ የሚጀመረው ቢሮ ሲገባ ነው። ፈተናው ሲጀመርም ተዪው ያላት የለም፣ እሷም አላሰበችውም። ቁርጥራጩ ሊጮህ አፉን ሲከፍት እሷ ቀድማ አፉን ዘግታዋለች።

«ትሰልይኛለሽ እንዴ?» አለች፤ ጆሮዋ ድረስ ግሎባት ነበር።

«ኧረ እትዬ! ሪፖርቱን ጻፊ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«እንደ መዘርዘርሽ ብዙ ነገር አይደለም። የሁለት ደቂቃ፣ የሦስት ደቂቃ ነገር ነው።»

«አውቃለሁ። ግን እትዬ፣ ታዲያ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የማን ውጤት ነው?»

አዲሷ አንገቷን ደፋችና «ለማንም አልናገርም፤ እርስዎ እንዳሉ ነው» ብላ ወረቀቱን እጇ ላይ ትታላት ወጣች።

የዚያን ቀን ዘበኛዋ መቀመጫ አጣች። ቢሮ ውስጥ ስድስት ጊዜ ውሃ ልትቀዳ ተነሣች፤ ስድስቱንም ጊዜ ግድግዳውን አይታ ብርጭቆዋን ባዶውን ይዛ ተመለሰች። አመሻሹ ላይ ቤት ስትገባ ያልቆሸሸ ሳህን አጠበች፣ የታጠፈ ልብስ ፈትታ አጠፈች፣ መስኮቱን ከፍታ ዘጋች።

እህቷ ማሽኗን አቆመች። «እግርሽን ምን ነክሶት ነው? ተቀመጪና ተናገሪ።»

ተናገረች። ነገ ዝም ብላ ትልቁን ብትመርጥ ሐሙስ ያለ ችግር ትገባለች፤ ግን እሷ በተኛችበት ትልቁ ገሸሽ የሚያደርገውን የሚለቅመው የለም፣ ሁሉም የማይወድቅ ነገር ገዝተናል ብሎ ይተኛል። እውነቱን ብትናገር ደግሞ ፈተናው ከሀ ይጀመራል፤ ያኔ ማን ፈቃድ ይሰጣታል? እሷስ ትታው መሄድ ትችላለች?

«ቢወድቅ ምን ይመጣል?» አለች እህቷ።

«የሰው ውጤት ይዘገያል።»

«ሰው ይሞታል?»

«አይሞትም። ይጠብቃል።»

«ይጠብቃ! አንቺ ስንት ወር ሙሉ አላስጠበቅሽኝም?» ጨርቁን ያለ ምክንያት ማራገፍ ጀመረች። «ስለ ሰርቨር የማውቀው የለኝም። ሐሙስ ግን እጅሽን ይዤ ነው የማስገባሽ። እምቢ ብትይ ቢሮሽ መጥቼ ነው የማዋርድሽ።»

እንደምታደርገው ጥርጥር የለውም። ዘበኛዋም እህቷን የምታውቃት ያህል ራሷን ታውቃለች። ፈርታለች፤ አንገቷ ውስጥ ያለውን እብጠት ሳይሆን እሷ የሌለችበትን ጠዋት ነው የፈራችው። ይህን ስታውቀው አፈረች።

ረቡዕ ስብሰባው ላይ ሁለቱን ገጽ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ሁሉንም ነገረቻቸው። ሞተር ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ጉሮሯችን እስኪነቃ የተጨቃጨቅነው አንቺን ከአንቺ ጋር እያወዳደርን ነው ማለት ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም። አለቃው ስልኩን አየ፤ አልጠራም።

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ሁለት ሳምንት እንድገመው» አለ። «አንቺ ግን ጠዋት ጠዋት እጅሽን ሰብስቢ።»

«እጄ አይሰበሰብም፤ አውቀዋለሁ። ቁልፌን ውሰዱት።» ከዚያ የሻርፗን ጫፍ ዝቅ አደረገች። «ነገ ቀዶ ሕክምና አለኝ። ይሄ ነው የሚወጣው። ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም።»

አሁን የሚስቅ ጠፋ። ሞተር ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ቆየ።»

«እና ከእኔ ጋር ስለ ዲስክ ትከራከሪያለሽ?» ተቆጥቶ ነበር፤ ዓይኑ ግን ቀልቷል።

በመሥሪያ ቤቱ ደንብ የማንም ሰው የሰርቨር ቁልፍ ሲነጠቅ ከሁለቱ ወገን አንድ አንድ ሰው ማጽደቅ አለበት። ደንቡን የጻፈችው እሷ ናት። አዲሷ በኦፕሬሽን በኩል አጸደቀች። ሞተር ጣቱን ማጽደቂያው ላይ አድርጎ ቆመ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አትጠይቀኝ፤ ተጫነው።»

ተጫነው። ዘበኛዋ ቢሮ መሀል ልብሷን የተገፈፈች ያህል ተሰማት። ስትወጣ «እንዳትደውሉልኝ። እኔም አልደውልም» አለቻቸው። ደረጃውን ወርዳ ሳትጨርስ ሁለት ጊዜ ልትመለስ ዳድቷት ነበር።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለፈ። በሦስተኛው ቀን ቤቷ ገባች፤ ድምፅዋ ሻክሯል፣ ጮክ ብላ መናገር አትችልም። ሕመሙን ቻለችው። ያልቻለችው ጠዋቱን ነው። በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ዓይኗ ቁልጭ ይላል፤ ተነሥታ የስፌት ጠረጴዛው ዘንድ ትቀመጥና ጣቶቿ እንጨቱን ይደበድባሉ። አንድ ቀን እህቷ የልብስ ቁልፍ የምታስቀምጥበትን ሳጥን ሰጠቻት። ቁልፎቹን በቀለም፣ ከዚያ በመጠን፣ ከዚያ በቀዳዳቸው ብዛት ለየች። በአራተኛው ቀን የሚለይ ነገር አጣች።

የወጣው እብጠት ለምርመራ ተልኮ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከክሊኒኩ «ውጤትዎ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በስልክዎ ይደርስዎታል» ብለው ነገሯት። መልእክቱ የሚመጣው በእሷው ሲስተም ነው፤ ክሊኒኩ በቁርጥራጩ ከተደረጉት ከአምስቱ አንዱ ነው። ከምሳ ጀምሮ ሁለቱ እህትማማቾች ስልኩን ጠረጴዛው መሀል አድርገው ተቀመጡ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ምንም የለም። ዘጠኝ ከሩብ። ስልኩ ይሠራ እንደሆነ እህቷ በራሷ ስልክ ደወለችበት፤ ጮኸ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ዘበኛዋ ላቦራቶሪው ዘንድ ደወለች።

«ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ከእኛ ወጥቷል እኮ» አለ ያነሣው ባለሙያ። «አልደረስዎትም?»

«ምን እንደሚል ሊነግሩኝ ይችላሉ?»

«በስልክ መናገር አይፈቀድልንም፣ እናቴ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ትንሽ ይጠብቁ።»

ስልኩን አስቀመጠች። የተፈጠረውን ዓይኗን ጨፍና ታየዋለች። አንዱ ክሊኒክ አንድ ቦታ ባዶ የሆነ ውጤት ልኳል፤ እሱ ወረፋው አፍ ላይ ተሰክቷል፤ ከኋላው የመጣው ሁሉ ቆሟል። ከቆሙት መካከል የእሷ አለ። ሁለት ትእዛዝ ነው። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ቁልፍ ግን የላትም።

«ደውይላቸው!» አለች እህቷ።

«አልደውልም።»

«ምን ማለት ነው አልደውልም? ሕይወትሽ ነው እኮ!»

«ትናንት ማታ ይጠብቃ ያልሽው አንቺ ነበርሽ» ልትላት አሰበች፤ ያ የተባለው ትናንት እንዳልሆነ፣ ሁለት ሳምንት እንዳለፈው ትዝ አላትና ተወችው። ቀን ጠፍቶባታል። ተነሥታ እስከ በሩ ሄደች፣ ተመለሰች። እንደገና ሄደች። የአዲሷን ቁጥር አወጣች፤ አውራ ጣቷ ከላዩ ላይ ቆመ። ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው። ከዚያ ሁለቱን እጆቿን ከጭኗ በታች አድርጋ ተቀመጠችባቸው።

እንደዚያ ተቀምጣ ሳለች አንድ ነገር መጣባት። ክሊኒኳ በትልቁ ከተደረጉት ቢሆን ኖሮ ይኼኔ ምን ይሆን ነበር? ትልቁ ወድቆ፣ ድምፁን ሳያሰማ ተነሥቶ፣ የተሰካከሉትን ውጤቶች እንደ ልማዱ ገሸሽ አድርጎ ሥራውን ይቀጥል ነበር። ግድግዳው ላይ አንድም ጊዜ አልወደቀም ተብሎ ይጻፍለታል። የእሷም ውጤት እዚያው ተገፍቶ ይቀመጣል፤ በማለዳ ተነሥታ የምትለቅመው ሴት ደግሞ ቁልፏን ተነጥቃ ቁልፍ እየለየች ነው። ማንም አያውቅም። ያን ሁሉ ዓመት እሷም ያደረገችው ከትልቁ የተለየ አልነበረም፤ በዝምታ አነሣች፣ በዝምታ ደበቀች፣ አዲሷን በአራት ዓመት አንድ ጠዋት እንኳ ነይ እይ አላለቻትም። ቁርጥራጩ ግን አሁን የሆነ ሰው ስልክ ላይ እየጮኸ ነው። እየጮኸ መሆን አለበት።

አሥር ሰዓት ሆነ። እህቷ መቀሱን አነሣች፣ ጣለች። «የኔ እናት፣ እባክሽ» አለች። ዘበኛዋ መሞቷን አሰበች። ማን እህቷን መድኃኒት ዋጪ እንደሚላት አሰበች። ሲስተሙን እርግፍ አድርጋ ረስታው፣ እንደ ማንኛውም ሰው ስልክ ላይ አፍጥጣ ቁጭ ያለች አንዲት የፈራች ሴት ሆነች።

አሥር ሰዓት ከሃያ ሦስት ላይ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። ዘበኛዋ አነሣችው። እህቷ ነጥቃ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ፈለገች፣ አገኘች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ አነበበች።

«ክፉ ነገር አልተገኘበትም ይላል።» ከዚያ ጮኸች፦ «አልተገኘበትም! አልተገኘበትም ይላል እኮ!» ታናሿን ጭንቅላቷን ይዛ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት፤ የአንገቷ ስፌት አመማት፣ አልተናገረችም። ሁለቱም አለቀሱ።

ገና ዓይናቸውን ሳይጠርጉ ስልኩ ጮኸ። አዲሷ ናት።

«እትዬ! እንዳትደውሉ ብለውን ነበር፣ ግን አላስቻለኝም። ቁርጥራጩ ወድቆ ነበር፤ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ሞተርና እኔ አነሣነው! እኛው ነን ያነሣነው፣ ማንንም ሳንጠይቅ! ወረፋው አፍ ላይ ባዶ ውጤት ተሰክቶ ነበር፤ መጀመሪያ ዲስኩ መስሎን ተሳሳትን፣ ከዚያ ኔትወርኩ ነው ብለን ተሳሳትን፣ ከዚያ ስክሪኑ ላይ የዘረገፈውን አንድ በአንድ ስናነብ አገኘነው። ሰማንያ ሦስት ደቂቃ ፈጀብን። ብዙ ነው፣ አውቃለሁ።»

«ብዙ ነው» አለች ዘበኛዋ በሻከረ ድምፅዋ። «ግን አገኛችሁት።»

«አገኘነው! ሌላ ቀን ቢመጣ በአምስት ደቂቃ ነው። ሞተር እንዴት እንዳደረግነው አንድ ገጽ ሙሉ ጽፎ ለጥፏል። አሁን የአደጋ ሪፖርቱን እየሞላሁ ነው። ለአለቃው የትኛውን እንበለው፣ እትዬ? ምርጫው አሁንም የእርስዎ ነው።»

«የሚጮኸውን።»

«ትልቁን ነበር እኮ የሚፈልጉት።»

«ነበር። አንቺ፣ ሪፖርቱ ላይ ምን ምን ሞላሽ?»

«ሰዓቱን፣ ምክንያቱን፣ ማን እንዳነሣው።» የቁልፍ ሰሌዳ ድምፅ ተሰማ። «የተጎዳ ሰው በሚለው ላይ የለም ብዬ ጽፌያለሁ፤ እርስዎ ሁልጊዜ እንደሚጽፉት።»

እውነቷን ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያቺን ቦታ «የለም» እያለች ስትሞላት ኖራለች፤ አንድ ቀን እንኳ እጇ አላቅማማም። ዘበኛዋ እህቷን አየቻት። እህቷ ወንበሩ ላይ ተዘርግታ፣ መነጽሯን ይዛ፣ ትከሻዋ ገና ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እሱን አጥፊው» አለች። «ሁለት ብለሽ ጻፊ።»

«እነማን ናቸው?»

«እኔና እህቴ።»

በስልኩ ወዲያኛው ጫፍ የሰሌዳው ቁልፎች ቀስ ብለው ሲነኩ ተሰማ፤ የቀድሞውን ቃል ሲያጠፉ፣ አዲሱን ሲጽፉ።